የሽርክናው ገጽ

ንፋስ መውጫ መናኸሪያው አጠገብ ዝናብ ያዘኝና አንዲት ልብስ ሰፊ ደጃፍ ላይ ተጠለልሁ። ሴትዮዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «ግቢ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያስቆምሻል?» አለችኝ። ገባሁ። የመኪና ዘይት፣ ውሃ ያልነካው አዲስ ጨርቅ፣ ካውያ የለበለበው ክር፤ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ አክስቴ አትጠገብ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። እንዲህ ያለች ክፍል የእሷ መሆን ነበረባት።

«ቀሚስ ልታሰፊ ነው?»

«አይ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ነው።»

ድምፄ ልክ አልነበረም መሰለኝ፣ ሴትዮዋ ሌላ አልጠየቀችኝም። እኔ ሰው ፊት የማለቅስ አይደለሁም፤ እንዲያውም የምታወቀው በምላሴ ነው። ግን አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ በዚሁ ምላሴ ያደረግሁት ነገር አለ። አያቴ እውነቱን ሳይሰሙ ሞቱ። አክስቴ እስካሁን አታውቅም።

የወላጆቼ ቤት ስማዳ፣ ቆላው ላይ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለራቀን እናቴ አርብ ገበያ ከተማ ዳር ወዳለው ወደ አባቷ ቤት ላከችኝ። በቤቱ ሦስት ነበርን፤ አያቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት አትጠገብና እኔ። አያቴ መሪጌታ ነበሩ። ወጣትነታቸውን ቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ ፈጅተው፣ ኋላም ዓይናቸውን ሞራ እስኪጋርደው ድረስ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው። ሰፈሩ «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ። አትጠገብ አግብታ ፈትታ የተመለሰች፣ ገና ሃያ አምስት ያልሞላት ሴት ነበረች። እጇ ጥልፍ ላይ ጉድ ነው። የአገሩ ሙሽራ ሁሉ የቀሚሱን ጥለት ይዞ ወደ እሷ ይመጣል። እኔ «እታለም» እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ ስትቆጣ ይታይሽ የሚለውን ስሜን ትታ «አንቺ የስማዳ ልጅ» ትለኛለች።

ትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ቢዝነስ ተከታትለው ነበር የሚገቡት። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ሰዎች እየተገናኙ የሚነጋገሩበት ነው፤ አንዱ ደህና ነህ ወይ ይላል፣ ሌላው ደህና ነኝ ይላል። ያንን ይዤ አርብ ገበያ ላይ ማንን ላናግርበት? ቢዝነሱ ይሻለኝ ነበር። እሱም በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ ግን «ይህ ማለት ይህ ነው» እያለ በአጭር በአጭሩ ይሄዳል፤ በቃል ሊያዝ ይችላል። እኔ ደግሞ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአማርኛ ተምሬ፣ ዘጠነኛንና አሥረኛን በእንግሊዝኛ እየተንገዳገድሁ ያለፍሁ ነኝ። መያዝ እንጂ መረዳት የሚባል ነገር እንዳለ እንኳ ረስቼው ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቀን ማለዳ መደቡ ላይ ተቀምጬ ሳነበንብ አባባ ሰሙኝ።

«ምን እያልሽ ነው?»

«ቢዝነስ ነው አባባ። በእንግሊዝኛ ነው።»

«ታዲያ እንዲህ ነው የሚቀጸለው? እንዲህማ አይያዝም። ነይ ወዲህ፣ መጽሐፉን እጠፊው።»

በዚያው ተጀመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶሮ ሲጮህ ይቀሰቅሱኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቤ መጽሐፉን እዘጋለሁ። ሰባት ጊዜ እላታለሁ፤ ሁለተኛዋን እጨምርና ሁለቱን አብሬ እላለሁ። አባባ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከኋላዬ ይከተላሉ። «ይህ ቃል ይነሣል ወይስ ይወድቃል?» ይሉኛል ለድምፁ ተጨንቀው። እኔ ምኑን አውቄ! «ይወድቃል» እላለሁ፤ እሳቸውም እየጣሉ ይሉታል። ቲቸር ዳዊት፣ የቢዝነስ መምህራችን፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ነበር። እንደ ውዳሴ ማርያም እያዜምሁ መልስ ስመልስለት ሳቁን በጠመኔው እጁ ይሸፍን ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከላይ እስከ ታች ስወርደው የአባባ መቋሚያ መሬቱን ጠብ አደረገው።

«ዘለልሽ።»

«ኧረ አልዘለልሁም!»

«ዘለልሽ እንጂ። ‹ጉድስ› ካለ በኋላ ‹ኤንድ ሰርቪስስ› ይላል።»

ገልጬ አየሁ። ይላል። በስመ አብ! ዓይናቸው የማያይ፣ እንግሊዝኛ በዞረበት ዞረው የማያውቁ የሰባ ምናምን ዓመት ሽማግሌ ምዕራፉን ከእኔ አጥርተው ይዘውታል። አትጠገብ ከጓዳ ሆና በሳቅ ፈረሰች። «አባባ፣ ፈተናውን እርስዎ ይቀመጡ እንጂ፣ ይችን ምን ያለፏታል!»

እሳቸው ግን አልሳቁም። መጽሐፉን ተቀብለው ዳበሱት። ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ ጠርዙ ተልጦ ነበር። «በቃል የሚደርስ መጽሐፍ ራቁቱን አይቀመጥም» አሉ። አትጠገብ በዚያው ሳምንት ከቀሚስ ከተረፈ ጨርቅ ማኅደር ሰፋችለት፤ ማንገቻ ያለው፣ ዙሪያውን በቀይና በአረንጓዴ ክር የተጠለፈ። ክፍል ይዤው ስገባ ሴቶቹ ከበቡኝ፤ እንደ መዝሙረ ዳዊት ማኅደር ለብሶ የመጣ ቢዝነስ አይተው አያውቁማ። እኔም እንዴት እንደ ኮራሁ!

እስከዚህ ድረስ ደግ ነበር። የተበላሸው ትርጓሜው ሲመጣ ነው።

በእነአባባ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት መጀመሪያ ንባቡ ይጠናል፣ ትርጓሜው ቆይቶ ይመጣል። አባባ አንድ ወር ከጠበቁ በኋላ «ንባቡ ገባልን። በይ ትርጓሜውን አድርሺ» አሉኝ። «አላውቀውም» ማለት ሞት መሰለኝ። አርባ ተማሪ ያስተማሩ ሰው እግሬ ሥር ቁጭ ብለው «በይ» እያሉኝ! ስለዚህ ፈጠርሁ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ቤትን ስለ ማስተዳደር ነው አልኋቸው። ስለ ገበያ የሚያወራው ደግሞ ስለ አርብ ገበያ ነው አልሁ።

«አርብ ገበያን ፈረንጅ ያውቃታል?»

«ያውቃታል እንጂ! ስሟ አለ።»

እሑድ ሰንበቴ ላይ ለካህናቱ ሁሉ ነገሩ። «የእኛ ገበያ በእንግሊዝ መጽሐፍ ተጽፋለች፤ ልጄ ናት የተረጎመችልኝ» አሉ። ቄሱ ደግሞ ብርሌያቸውን ይዘው «እሰይ፣ ተባረኪ» ብለው መረቁኝ። አፈርሁ? ምን አፈርሁ! ደስ አለኝ። ውሸት እንደዚያ ሲከበር ማን ይጠላል።

ጥር ውስጥ ሽርክና ላይ ደረስን። መጽሐፉ «ፓርትነርሺፕ» ይለዋል። ክፍል ውስጥ ቲቸር ዳዊት ሲጠይቀኝ ተነሥቼ ገጹን ሙሉ አወረድሁት። ቲቸር አጨበጨበ፣ ከዚያ «አሁን ደግሞ በራስሽ ቋንቋ ንገሪኝ። በአማርኛም ይሁን» አለኝ። የእንግሊዝኛውን ገጽ እንደገና ጀመርሁ። ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። በእረፍት ሰዓት ጠራኝ፣ ተቆጥቶ አልነበረም።

«ይታይሽ፣ የአንቺ አገር ሰው አንድ በሬ ብቻ ቢኖረው እንዴት ያርሳል?»

«መቀናጆ ነዋ። ሌላ አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር ያቀናጃል፣ በተራ ያርሳሉ።»

«እሱ ነው ሽርክና። ይችን እዪያት» ብሎ ጣቱን አንዲት መስመር ላይ አኖረ፤ «ዋን ፓርትነር ሜይ ብሪንግ መኒ፣ አናዘር ሜይ ብሪንግ ስኪል። አንዱ ገንዘብ ወይም ዕቃ ያመጣል፣ ሌላው የእጁን ሙያ ያመጣል። ተስማምተው ይሠራሉ፣ ያገኙትን ይካፈላሉ። ሁለቱም ብቻቸውን አይሆንላቸውም ነበር።»

ገባኝ። ዓመቱን ሙሉ በቃሌ ከያዝሁት ነገር ሁሉ ልቤ የገባችው ይህች መስመር ብቻ ናት። ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን እየዘለልሁ ነበር። ለአባባ እውነተኛ ትርጓሜ ልነግራቸው ነው! የመቀናጆ ነገር ሲሰሙ እንዴት ደስ እንደሚላቸው እያሰብሁ ደረስሁ።

ቤት ስገባ ግን አትጠገብ እያንጎራጎረች ነው። ከንፋስ መውጫ መልእክት መጥቶላታል። ስንዱ የምትባል፣ ባል ቤት ሳለች የተዋወቀቻት ጓደኛዋ፣ የስፌት መኪና ገዝታ ሱቅ ተከራይታለች። መስፋት ትችላለች፣ ጥልፍ ግን አይሆንላትም። «ነይ፤ መኪናው የእኔ፣ ጥልፉ የአንቺ፣ የሚገኘውን እኩል» ብላታለች።

«እስቲ አስቢው ይታይሽ! በሩ ላይ ስማችን ይጻፋል። ‹አትጠገብና ስንዱ›። ወይ ጉድ፣ ሰው ምን ይለኛል!» ትላለች እየሳቀች። ባሏን ፈትታ ከተመለሰች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ እውነቴን ነው። ለአባባም ያን ማታ «ሽርክና የሚል ነገር አለበት» አልኋቸው እንጂ ትርጓሜውን ለሌላ ቀን አቆየሁት። ሳቄ እስከ አርብ ቆየ። አርብ ዕለት እናቴ ገበያ መጣች። ከአገራችን ሴት ጋር አጥር ጥግ ቆመው ሲያወሩ እኔ ውሃ ይዤ እየመጣሁ ነበር። ሴትዮዋ «አትጠገብ ከሄደች አባታችሁን ማን ያይላችኋል?» አለች። እናቴም «ምን ችግር አለ፣ ይታይሽ አለች» አለቻት።

ጄሪካኑን እንዳዘልሁ ቆምሁ። ይታይሽ አለች። ውሃው፣ ወፍጮው፣ ምጣዱ፣ ሽማግሌ ማስታመሙ፤ ትምህርቱስ? ከክፍላችን ሁለት ሴቶች በዚያ ዓመት እንዲሁ ቀርተዋል፤ አንዷ እናቷ ስትታመም፣ አንዷ እህቷ ስትዳር። «ለጊዜው ነው» ተብለው ነው የቀሩት። ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦበታል። የእኔም ወንበር ታየኝ። እናቴን «ምን ማለትሽ ነው?» ብዬ ብጠይቃት ምን ነበረበት? አልጠየቅሁም። ፈራሁና ውሃዬን ይዤ ገባሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አትጠገብ ነጠላዋን አጣፍታ አባባ ፊት ተንበረከከች።

«አባባ፣ ይመርቁኝ። ልሂድ።»

አባባ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ከሰው ሳትስማሚ ቀርተሽ ተመልሰሻል። ከባዳ ጋር መሻረክ… እኔ የንግድ ነገር አላውቅም» አሉ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ይታይሽ፣ የሽርክና ነገር አለበት ብለሽኝ አልነበር? እስቲ መጽሐፉን እንጠይቀው።»

የአትጠገብ ፊት በራ። እሷ ራሷ ተነሥታ ማኅደሩን ከተሰቀለበት አውርዳ አመጣችልኝ። «በይ፣ በይ አንብቢላቸው!»

አላነበብሁም፤ በቃሌ ነው ያወረድሁት። አንዲት ፊደል አልዘለልሁም። አባባ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተከተሉኝ። ስጨርስ «ይበል። ትርጓሜው?» አሉ።

ስኪል የሚለውን ቃል አላውቀውም ነበር ብዬ ራሴን ለማታለል ስንት ዓመት ሞከርሁ። አውቀው ነበር። ሌላውን ሁሉ ሳላውቅ ዋሽቻለሁ፤ ይህችን ግን አውቄ ነው።

«አንዱ ገንዘብ ያመጣል፣ ሌላው የእጁን ሙያ ያመጣል ይላል» አልሁ። እስከዚህ እውነት ነበር፤ እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። «መጨረሻቸው ግን ጥል ነው ይላል። ገንዘብ ያመጣው፣ ሙያውን ካየ በኋላ ሌላውን ባዶ እጁን ይሰደዋል ይላል።»

አትጠገብ አየችኝ። «እንደዚያ ይላል?»

«ይላል።»

ብትጠረጥረኝ ምን ነበር! «ውሸታም» ብላ በጥፊ ብትለኝ ምን ነበር! ግን እሷም ማኅደር የሰፋችለት መጽሐፍ ነው፣ አመነችው። አባባ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። «ይቅርብሽ ልጄ። ከመጽሐፉ በላይ አላውቅም።» እሷም ጉልበታቸውን ስማ ተነሣች። ነጠላዋን አወለቀች፣ አጥፋ ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠችና ወደ ጓዳ ገባች።

ስንዱ ሁለት ጊዜ ሰው ላከች፣ ከዚያ ሌላ ጠላፊ አገኘች። አትጠገብ ጥልፉን አልተወችም፣ ማንጎራጎሩን ግን ተወች።

መጋቢት ላይ ቲቸር ዳዊት ቤታችን መጣ። የቢዝነስ መጽሐፍ በቃላቸው የሚወጡ መሪጌታ አሉ የሚለውን ወሬ ሰምቶ ማመን አቅቶት ነው። በሩን የከፈትሁለት እኔ ነኝ። አትጠገብ ጠላ ቀዳችለት። አባባ ጋቢያቸውን አስተካክለው ጀመሩ፤ ምዕራፍ አንድ፣ ምዕራፍ ሁለት፣ እየጣሉ እያነሡ። ቲቸር አፉን ከፍቶ ቀረ። ሽርክናው ጋ ሲደርሱ እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

«የኔታ፣ ይደንቃል! ትርጉሙን ልንገርዎት?» አለ ቲቸር።

አለቀልኝ አልሁ። ደግሞም፣ ሞት ይርሳኝ፣ በልቤ አንድ ጥግ «ንገራቸው፣ ገላግለኝ» የሚል ነገር ነበር።

አባባ እጃቸውን አነሡ። «የለም ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። መምህሬ እዚህ ተቀምጣለች። በመምህር ፊት ሌላ መምህር መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።»

ቲቸር ዞሮ አየኝና ፈገግ አለ። «ጎበዝ ናት» አለ። አትጠገብ ጠላውን ደገመችለት። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ተቀመጥሁ፣ ቲቸርም ጠጥቶ አመስግኖ ሄደ።

ከፋሲካ በኋላ ከእስቴ አትጠገብን ለጋብቻ የሚጠይቅ ሽማግሌ መጣ። ሽማግሌ የላከው ሰው ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹ የደረሱ፣ በዕድሜ ከአትጠገብ በብዙ የሚበልጥ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ነው ብዬ በሱ ላይ ላላክክ አልችልም። እሷ «እሺ» አለች። «ሌላ ምን አለኝ?» ነው ያለችው፣ እኔ ነኝ የሰማኋት።

የምትሄድ ዕለት ማለዳ ሣጥኗን ስናስር እኔን ወደ ጥግ ሳበችኝ።

«ስለ አባባ አትጨነቂ። የጎረቤታችን የእትዬ ማንጠግቦሽ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ትመጣለች። ያን ጊዜ ንፋስ መውጫ ልሄድ ስል ተነጋግሬ የጨረስሁት ነው። አንቺ ትምህርትሽን እንዳታቋርጪ ብዬ።»

«ያን ጊዜ?»

«አዎ። ለእናትሽም ነግሬያት ነበር፤ ሥራውን ልጅቷ ትሠራለች፣ አንቺ ማታ ማታ አብረሻቸው ብትሆኚ ይበቃል ብለን። ምነው፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ።»

«ምንም አልሆንሁ» አልኋት። አቀፈችኝ። አንገቷ ክር ክር ይሸታል። አሁን ልንገራት፣ አሁን ልንገራት እያልሁ በቅሎዋ ተጫነች፣ ሚዜዎቹ ጮሁ፣ እሷም ሄደች።

ሰኔ ላይ በቢዝነስ ከክፍሌ አንደኛ ወጣሁ።

ከፈተናው በኋላ የማለዳው ንባብ ቀርቶ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረሁት፤ «ፈተና አልቋል አባባ» ብዬ። ሐምሌ ውስጥ አንድ ማለዳ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አባባ ከመደቡ ላይ ጠሩኝ።

«ይታይሽ፣ ያንን የሽርክናውን ገጽ በይልኝ።»

«ረስቸዋለሁ አባባ።»

«አንቺ? አትረሺም። በይ።»

ጀመርሁ። መስመሯ ጋ ስደርስ ዋን ፓርትነር ብዬ ቆምሁ። መቋሚያው መሬቱን ጠብ አደረገው።

«ሜይ ብሪንግ መኒ» አሉ አባባ፣ እየጣሉ፣ ለእያንዳንዱ ቃል እየተጠነቀቁ። «አናዘር ሜይ ብሪንግ ስኪል።»

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ፈልገው አገኙት።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ይችን ባትተረጉሚልኝ ኖሮ አትጠገብን ለጥል መርቄ ልሰዳት ነበር። አንቺ ነሽ ያዳንሽልኝ። ዕውቀትሽን ይባርክልሽ።»

እኔም እጃቸውን ስሜ «አሜን» አልሁ።